የሰጠሙትን ያነሣ ሰው፤ የኤድዋርድ ኤልስበርግ ሕይወትና የምጽዋ መርከቦች

ሰጠመ የተባለ ነገር ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ይህን የምንለው ቅኔ ለመዝረፍ አስበን ሳይሆን፥ የውሃን ሥር ለማየት ዕድል ያላገኘ ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ጉዳይ ስለ ሆነ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚመለከት ውሃ ክዳን ነው፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ከሥር ያለው ነገር ያበቃለት ይመስለዋል። እኛ በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች እንኳ በሰንበት ቀን ወደ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ ስንበላ፥ ያ ዓሣ የት ተወልዶ የት እንዳደገ፥ የሐይቁስ ወለል ምን እንደሚመስል አንጠያየቅም። በዚህ ጽሑፍ የምንተርከው ግን የዕድሜውን ትልቅ ክፍል ከክዳኑ በታች ስላለው ነገር ሲያስብ ስለ ኖረ ሰው ነው።

ሰውየው ኤድዋርድ ኤልስበርግ ይባላል። አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኰንን፥ መሐንዲስ፥ ጠላቂና ደራሲ ነበር። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የቀይ ባሕር ታሪክ የሚያነብ ሁሉ በምጽዋ ወደብ ላይ ያገኘዋል። የእሱን ሕይወት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በባሕር ዳር የሚገኙ ብዙ አገሮች ዓሣ እንዲጠለልላቸውና እንዲራባላቸው፥ ዳርቻቸውም በማዕበል እንዳይበላባቸው፥ ድንጋይ፥ አርማታና አሮጌ መርከብ ሆን ብለው በባሕር ወለል ላይ ያስቀምጣሉ። ይህም ሰው ሠራሽ ሪፍ ይባላል፤ ሪፍ ማለት ኮራል የተባሉት ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በብዙ ዘመን የሚገነቡት የድንጋይ አጥር ነውና። ኤልስበርግ ሪፍ አልሠራም፤ እንዲያውም ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነበር። ይሁን እንጂ አንድን ነገር ከባሕር ሥር ማንሣት ምን እንደሚጠይቅ የተረዳ ሰው፥ አንድን ነገር በባሕር ሥር ማስቀመጥ ምን እንደሚጠይቅ ለመረዳት አይቸገርም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ኤልስበርግ በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኮነቲከት ክፍለ ሀገር፥ ኒው ሄቨን በተባለች ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ አይሁዳውያን ነበሩ። ያደገው ግን ከባሕር እጅግ በራቀው በኮሎራዶ ነው፤ ስለዚህ ባሕርን በልጅነቱ ያወቀው እንደ እኛው በመጽሐፍና በወሬ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም። ወደ አሜሪካ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ በ1914 ዓ.ም. በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ ከዚያም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመርከብ አሠራር ምሕንድስና ተማረ። መርከብ እንዴት እንደሚንሳፈፍ በሚገባ ያጠና ሰው፥ ለምን እንደሚሰጥምም ያውቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የኤልስበርግ ታሪክ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ዕውቀት ላይ ነው።

በመስከረም ወር 1925 ዓ.ም. ኤስ 51 የተባለች የአሜሪካ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ በሌሊት ከአንዲት የመንገደኞች መርከብ ጋር ተጋጭታ ብሎክ አይላንድ ከተባለው ደሴት አጠገብ ሰጠመች። ከ36ቱ መርከበኞች የተረፉት 3 ብቻ ናቸው። መርከቧ ያረፈችው 40 ሜትር በሚሆን ጥልቀት ላይ ነበርና፥ በዚያ ዘመን መሣሪያ እሷን ማንሣት የማይሞከር ነገር ይመስል ነበር። ኤልስበርግ ግን ይቻላል ብሎ ተነሣ፤ የማንሣቱም ሥራ በኃላፊነት ተሰጠው። የመዳብ ቆብና የእርሳስ ጫማ ያጠለቁ ጠላቂዎች በቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ለወራት ደከሙ። የመርከቧን ክፍሎች አንድ በአንድ እየደፈኑ ውሃውን በታመቀ አየር አስወጡ፤ ከሆዷም ሥር ጭቃውን በውሃ ግፊት እየቦረቦሩ ሰንሰለት አሳለፉ፤ በሰንሰለቱም ላይ ትልልቅ ባዶ የብረት በርሜሎችን አሰሩ። ኤልስበርግ ሰዎቹን ወደማያውቀው ቦታ መላክ ስላልወደደ ራሱ መጥለቅን ተምሮ ወረደ። በሰኔ 1926 ዓ.ም. መርከቧ በማዕበል መካከል ያለ ጊዜዋ ብቅ ብላ እንደገና እንድትሰጥም ተደረገ፤ የብዙ ወራት ድካም በአንድ ቀን ከንቱ የሆነ መሰለ። እነሱ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ በሐምሌ ወር መጀመሪያ አነሧት።

ከዚህ በኋላ ኤልስበርግ የባሕር ኃይሉን ለቆ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ በመሐንዲስነት ተቀጠረ። ነገር ግን በታኅሣሥ 1927 ዓ.ም. ኤስ 4 የተባለች ሌላ ሰርጓጅ መርከብ በፕሮቪንስታውን አቅራቢያ በሰጠመች ጊዜ፥ በፈቃዱ ሄዶ ከአዳኞቹ ጋር ተሰለፈ። በዚያች መርከብ ውስጥ የነበሩት 40 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከእነዚህም መካከል 6ቱ በአንድ ክፍል ተዘግተው ለጥቂት ቀናት በሕይወት ነበሩና፥ በመዶሻ ብረቱን እየመቱ ከጠላቂዎቹ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ማዕበሉ ግን ፋታ አልሰጠም፤ መዶሻውም ጸጥ አለ። ሰው በብልሃቱ ባሕርን ያሸነፈ በመሰለው ማግስት፥ ባሕር እንዲህ ያለውን መልስ ሊሰጥ እንደሚችል ኤልስበርግ በዓይኑ አየ። በ1929 ዓ.ም. ስለ ኤስ 51 ያሳተመው መጽሐፍ ዝናውን በመላው አሜሪካ አሰማ፤ ከዚያም ወዲህ ብዕሩን አላስቀመጠም።

አሁን ትረካችን ወደ እኛ አካባቢ ይመለሳል። በ1941 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ድል በሆነ ጊዜ፥ አዲስ አበባ ሚያዝያ 6፥ ምጽዋ ደግሞ ሚያዝያ 8 ቀን ተያዙ። እኛ የድል በዓል ብለን የምናከብረው፥ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡበት ቀን፥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ የዋለው ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ ነው። ጣሊያኖች ምጽዋን ከማስረከባቸው በፊት ወደቡ ለጠላት እንዳይጠቅም አስበው በእጃቸው የነበሩትን የጣሊያንና የጀርመን መርከቦች አሰጠሙ። መርከቦቹ የሰጠሙት እንዲሁ በዘፈቀደ አይደለም፤ ብዙዎቹ በወደቦቹ አፍ ላይ በተርታ እንዲተኙ ተደርገው በሩን ዘጉት። ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎቹም በውስጣቸው ቦምብ ተጠምዶ ሰጠሙ፤ የየብሱ ፋብሪካ ሞተሮች በመዶሻ ተሰባበሩ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ምጽዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምርጥ ወደብነት ወደ ብረት መቃብርነት ተለወጠች።

አሜሪካ ጦርነቱን እንደ ገባች ኤልስበርግ ዕድሜው 50 ዓመት የሞላው ቢሆንም ወደ ባሕር ኃይሉ ተመለሰና በመጋቢት 1942 ዓ.ም. መጨረሻ ምጽዋ ደረሰ። ያገኘው ነገር ቢኖር ሙቀት፥ የተሰበረ መሣሪያና የሰጠመ መርከብ ነው። በቂ ጠላቂ፥ በቂ ገንዘብ፥ በቂ ዕቃ አልነበረውም። በሌላ በኩል ግን ጊዜው አስጨናቂ ነበር። በሜዲትራንያን ምሥራቅ የነበረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልልቅ መርከቦቹን የሚያስጠግነው በእስክንድርያ ነበርና፥ የጀርመን ጦር ወደ ግብፅ ሲገፋ እስክንድርያ አደጋ ላይ ወደቀች። ምጽዋ ካልተከፈተች የተጎዳ መርከብ ሁሉ እስከ ደቡብ አፍሪካ መጓዝ ነበረበት።

ኤልስበርግ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይኑን የጣለው በትልቁ ተንሳፋፊ መጠገኛ ላይ ነው። ተንሳፋፊ መጠገኛ ማለት ግድግዳና ወለሉ ባዶ የሆነ ታላቅ የብረት ገበታ ነው፤ ውሃ ሲሞሉት ይወርዳል፥ መርከብ በላዩ ሲገባ ውሃውን ያስወጡለትና መርከቧን ተሸክሞ ይነሣል። ይህ መጠገኛ በቦምብ ወለሉ ተበሳስቶ ስለ ነበር ከእሱ በፊት የመረመሩት ባለሙያዎች አይነሣም ብለው ትተውት ነበር። ኤልስበርግ ግን ነገሩን ገልብጦ አየው። ቀዳዳዎቹ ያሉት ከታች ነው፤ አየር ደግሞ የሚሄደው ወደ ላይ ነው። እንግዲያው የላይኛው ክፍል አየር እንዳያፈስ ከተደፈነና የታመቀ አየር ከተነፋበት፥ ውሃው በእነዚያው በቦምቡ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ይወጣል። ጠላት ለማስጠሚያ የከፈተውን ቀዳዳ ለማንሻ ተጠቀመበት ማለት ነው። በግንቦት ወር 1942 ዓ.ም. በ9 ቀን ሥራ መጠገኛው ከባሕር በላይ ታየ። ውሃ የያዘ ጣሳ አፉን ወደ ታች ደፍቶ በቱቦ አየር የሚነፋበት ሰው ይህን ብልሃት በቤቱ ሊሞክረው ይችላል፤ በምጽዋ ሙቀትና በፈረሰ ብረት ላይ መሞከር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከዚያም ሊበንፌልስ የተባለችውን የጀርመን የጭነት መርከብ፥ በኋላም ሌሎችን እያነሣ የወደቡን በር ከፈተ። በተመሳሳይ ጊዜ የተጎዱ መርከቦች ይጠገኑ ጀመር። ዲዶ፥ ዩራያለስና ክሊዮፓትራ የተባሉት ሦስት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በተራ ምጽዋ መጡ። ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተጎትቶ የመጣው መጠገኛ እነሱን ለመሸከም የማይችል ነበርና፥ ኤልስበርግ የመርከቧን የኋላ ክፍል ብቻ በመጠገኛው ላይ አውጥቶ ፊቷን በውሃ ላይ እንዳለ በመተው አስጠገናት። ይህ የሂሳብ ድፍረት ነው፤ ስሌቱ ጥቂት ቢዛነፍ መርከብም መጠገኛም አብረው ይጠፉ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ደስ አይለንም። ኤልስበርግ ይህን ሁሉ ያደረገው ብቻውን አይደለም። ጥቂት አሜሪካውያን፥ እንግሊዞች፥ የጣሊያን ምርኮኞችና ከሁሉም በላይ ቁጥራቸው የበዛ ኤርትራውያን የቀን ሠራተኞች አብረውት ነበሩ። መርከቧ በመጠገኛው ላይ ስትወጣ ከሥሯ ገብተው የባሕር ቀንድ አውጣና ዝገት የሚፍቁት፥ በሚያቃጥል ብረት ላይ ቆመው ቀለም የሚቀቡት እነዚህ ነበሩ። መኰንኑ መጽሐፍ ጻፈ፤ እነዚህ ግን መጽሐፍ አልጻፉም። እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች የአንድን ታላቅ ሰው ሕይወት በተረክን ቁጥር፥ ከመርከቧ ሥር ጎንበስ ብለው የፋቁት ሰዎች ስም የት ገባ ብለን መጠየቅ የሚገባን ይመስለናል። ይህን መጠየቅ የኤልስበርግን ክብር አይቀንሰውም።

በ1942 ዓ.ም. መጨረሻ ኤልስበርግ ከምጽዋ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተዛወረ፤ በዚያም ድካሙ በዝቶ ታመመና ወደ አገሩ ተመለሰ። ሆኖም ዕረፍቱ አልረዘመም። በ1944 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር ተላከ። የተባባሪዎቹ መንግሥታት በፈረንሳይ በኖርማንዲ ዳርቻ ጦር ለማውረድ ሲያስቡ ወደብ ስላልነበራቸው፥ ወደቡን ራሳቸው ሠርተው ይዘው ለመሄድ ቆርጠው ነበር። የዚህ ወደብ አጥር እንዲሆኑ ፊኒክስ የተባሉ እንደ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የገዘፉ ባዶ የአርማታ ሣጥኖች ተሠሩ፤ የትልልቆቹ ክብደት ወደ 6000 ቶን ይደርስ ነበር። ሣጥኖቹ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ በእንግሊዝ ዳርቻ በውሃ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ኤልስበርግ አይቶ የተረዳው ነገር፥ ማስቀመጡ የታሰበበትን ያህል ማንሣቱ አልታሰበበትም፤ የተዘጋጀው የውሃ መሳቢያ ሣጥኖቹን በጊዜ ለማንሣት አይበቃም። ይህንኑ ለአለቆቹ አስረድቶ ሥራው ለባሕር ኃይል ባለሙያዎች ተላለፈና ሣጥኖቹ ለቀኑ ደረሱ። በሰኔ ወር ወደ ኖርማንዲ ተጎትተው ሄደው በዚያ ሰጠሙ፤ በዚህ ጊዜ ግን መስጠማቸው ሥራቸው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ኤልስበርግ ወደ ጽሕፈቱ ተመለሰ። የምጽዋን ሥራ የሚተርከው መጽሐፉ በ1946 ዓ.ም. ታተመ፤ የሰሜን አፍሪካው በ1949፥ የኖርማንዲው በ1960 ዓ.ም. ተከተሉ። በሬር አድሚራልነት ማዕረግ ጡረታ ወጥቶ በ1983 ዓ.ም. በ91 ዓመቱ አረፈ። ምጽዋም በበኩሏ ዕጣዋ ብዙ ነበር። ኤርትራ በ1952 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር ምጽዋ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መኖሪያ ሆነች፤ ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የነጻይቱ ኤርትራ ወደብ ናት።

የሰውየው ሕይወት በዚህ አበቃ፤ ያልተነሡት መርከቦች ታሪክ ግን አላበቃም። ኤልስበርግ ሁሉን አላነሣም፤ በር የዘጉትንና የሚጠቅሙትን መርጦ የቀሩትን ትቷቸዋል። ከምጽዋ ፊት ለፊት ባሉት የዳህላክ ደሴቶች፥ በጉበት ሙስ ነፊት ውስጥ፥ ናዛሪዮ ሳውሮ የተባለችው የጣሊያን የመንገደኞች መርከብ በ1941 ዓ.ም. እንደ ሰጠመች ቀርታለች። ዛሬ በዚያ የሚጠልቁ ሰዎች የሚያገኙት ኮራል የለበሰ፥ ዓሣ የሚርመሰመስበት ታላቅ ቤት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኮራል ሕፃናት በውሃ ውስጥ እየተንሳፈፉ የሚያርፉበትን ጠንካራ ነገር ይፈልጋሉ፤ አሸዋ ስለሚንቀሳቀስ ቤት አይሆናቸውም፤ ብረትና ድንጋይ ግን ይሆናቸዋል። ኮራሉ ሲበቅል ትንንሽ ዓሦች ሊደበቁበት ይመጣሉ፤ እነሱን የሚበላ ትልቅ ዓሣም ይከተላል። መርከበኛው ሲተኛበት የነበረው ክፍል የዓሣ መኝታ ይሆናል።

ይህን አይቶ፥ እንግዲያው ጦርነትም በጎ ውጤት አለው የሚል ሰው ካለ እጅግ ይሳሳታል። ከዚያው ባሕር፥ በሱዳን ወደብ አጠገብ፥ ኡምብሪያ የተባለችው የጣሊያን መርከብ በሰኔ 1940 ዓ.ም. በገዛ ካፒቴኗ ትእዛዝ ሰጥማለች። ኦስትሪያዊው ሐንስ ሐስ በ1949 ዓ.ም. ጠልቆ ባያት ጊዜ ኮራል ይዟት ነበር፤ ውበቷ ብዙ ተወርቷል። ነገር ግን በሆዷ የተጫነው የቦምብ ክምር እስከ ዛሬ ከዚያው አለ። ባሕር የሰጡትን ሁሉ ይሸፍናል እንጂ ሁሉን አያጠራም።

ሰው ሠራሽ ሪፍ የሚሠሩ ሰዎች የተማሩት ይህንኑ ነው። የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ዓሣ ለመሰብሰብ ድንጋይና እንጨት በባሕር ውስጥ ማስቀመጥ የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታቸው በአርማታ አስፋፋው። ጥሩ ሪፍ በመጀመሪያ ከባድ መሆን አለበት፤ ማዕበል የሚያንከባልለው ነገር ቤት ሳይሆን መዶሻ ነው። ሁለተኛ፥ ልዩ ልዩ ስፋት ያላቸው ቀዳዳዎች ያስፈልጉታል፤ ትንሹ ዓሣ የሚገባበት ትልቁ የማይገባበት፥ ውሃም ሳይታገድ የሚያልፍበት መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ ኮራል እንዲይዘው ፊቱ ሻካራ ይሁን። አራተኛ፥ በሕያው ኮራል ላይ ሳይሆን ጠንካራ በሆነ ባዶ አሸዋ ላይ ይቀመጥ። አምስተኛ፥ ዘይት፥ ቀለምና መርዝ አስቀድሞ ይጠረግለት። አሜሪካኖች ኦሪስካኒ የተባለችውን፥ ርዝመቷ ከ270 ሜትር የሚበልጥ አሮጌ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ በግንቦት 2006 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዳርቻ ከማስጠማቸው በፊት ብዙ ጊዜና ገንዘብ ያወጡት ለዚህ ጠረጋ ነው። ከዚህም ሁሉ በኋላ ዓሣው እውነት በዚያ ተራብቶ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተሰበሰበው የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱን ያከራክራል። የተሰበሰበ ብቻ ከሆነ፥ ሪፉ ለአጥማጁ ዓሣውን በአንድ ቦታ አከማችቶ በቶሎ ያስጨርሰዋል።

እነዚህን ሕጎች የረሳ ምን እንደሚያገኘው የምትመሰክር አንዲት የፍሎሪዳ ታሪክ አለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፎርት ሎደርዴል አጠገብ፥ ሪፍ ይሆናል ተብሎ ከ2 ሚሊዮን በላይ አሮጌ የመኪና ጎማ ታስሮ ወደ ባሕር ተጣለ። አሳቡ በጎ ነበር፤ ቆሻሻም ይጠፋል፥ ዓሣም ይገኛል ተባለ። ነገር ግን ጎማው ቀላል ነው፤ ማሰሪያው በልቶ ተበጠሰ፤ ማዕበሉም ጎማውን እያንከባለለ ከአጠገቡ ካለው ሕያው ኮራል ጋር ያጋጨው ጀመር። ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የጦር ኃይል ጠላቂዎች ጎማውን አንድ በአንድ ለማውጣት ተሰማሩ። እንግዲህ ከኤልስበርግ ሕይወት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። እሱ የጠላትን ክፋት ከባሕር ሥር አነሣ፤ እነዚህ ደግሞ የገዛ ወገናቸውን ቸልተኛነት ያነሣሉ። በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ ግን፥ በፓገም አጠገብ፥ ተሰብሮ የቀረው አንዱ የፊኒክስ ሣጥን ዓሣ እንደ ተጠለለበት እስከ ዛሬ አለ፤ ከባድ ነውና፥ አርማታ ነውና፥ ቀዳዳም አለውና።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አገራችን ዛሬ ባሕር የላትም፤ ሐዋሳ ግን ሐይቅ አላት። ከመካከላችን አንዳንዶች፥ በሰው አገር ጎማና ብረት ዓሣ ካራባ በእኛስ ሐይቅ ለምን አይጣልም ብለው ሲከራከሩ ሰምተናል። መልሳችን ከላይ ከተረክነው ይወጣል። ቆሮሶ የሚራባው በዳርቻው ዝቅ ባለ ውሃ ነው፤ ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፥ ሴቷ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ትጠብቃለች፥ ትንንሾቹም በፊላውና በቄጠማው መካከል ተደብቀው ያድጋሉ። ፊላው እንግዲህ ማንም ያልከፈለበት ሪፍ ነው። በዳርቻው አሸዋ ላይ ብረትና ጎማ መጣል ጎጆውን መድፈን ነው። ከዚህም በላይ ሐይቃችን በጥቁር ውሃ በኩል ይቀበላል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት መርዝ ከዚያው ይቀራል። በቤኒን፥ በኖኩዌ ሐይቅ፥ ዓሣ አጥማጆች የዛፍ ቅርንጫፍ በውሃው ወለል ላይ እየተከሉ ዓሣ ያሳድጋሉ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ባለሙያዎች በትንሽ ቦታ ቢሞክሩት ምናልባት ይጠቅም ይሆናል። አስቀድሞ የሚያስፈልገው ግን ፊላውን አለማጨድ፥ ዳርቻውን አለመድፈን፥ ቆሻሻውንም ማገድ ነው።

ኤልስበርግ ወደ ባሕር ሥር ሰው ከመላኩ በፊት ራሱ ወርዶ ያይ ነበር። ከሕይወቱ ለእኛ የሚተርፈው ትልቁ ትምህርት ይህ ይመስለናል። መጣል የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንሣት ግን ዓመታት ይፈጃል፥ አንዳንድ ጊዜም ከቶ አይቻልም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሰንበት ወደ አሞራ ገደል የሚወርድ ጓደኛችን ሁሉ፥ ዓሣውን ከመብላቱ በፊት ዓይኑን ወደ ፊላው ጣል ያድርግ፤ ካለፈው ዓመት ሰፍቷል ወይስ ጠቧል ብሎም ይጠይቅ። ጠቦ ካገኘውም ዝም ብሎ አይመለስ፤ ለማኅበራችን ይንገር፥ እኛም አብረነው ወደሚመለከተው ክፍል እንሄዳለን።